እንግዳው እስከመቼ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ከሌላ አገርና ከሌላ ባህል የመጡ ሰዎችን በቤተክርስቲያን ስለመቀበል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ልብ ይነካል፣ ለብዙ ሰውም ሼር አድርጌዋለሁ፣ ግን ካነበብኩት በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሞ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው ይችን የምጽፈው። ጽሑፉ ስለ ፈገግታ ነው የሚያወራው፣ በር ላይ ስለሚሰጥ ሰላምታ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ስለሚል ባነር፣ ለአዲስ ሰው ከፊት ወንበር ስለመልቀቅ። እሱማ ማን ይጠላል። ግን እኮ ይሄንን ሆቴልም ያደርገዋል፣ እንዲያውም ከኛ አሳምሮ። ክርስትናው የሚጀምረው ሰውዬው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ባይ ነኝ፣ ማለትም በቤቱ ጉዳይ ላይ "አንተስ ምን ትላለህ?" ተብሎ መጠየቅ ሲጀምር።

ጥቅሶቹን መቼም ሁላችንም በቃላችን ነው የምናውቃቸው። "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" ማቴዎስ 25፣ "እንግዶችን መቀበል አትርሱ" ዕብራውያን 13፣ ከዛ በፊት ደሞ ኦሪቱ አለ፣ ዘሌዋውያን 19 ላይ አብሯችሁ የሚኖረውን መጻተኛ እንደ አገር ልጅ ቁጠሩት፣ እንደ ራሳችሁም ውደዱት ይላል፣ ምክንያቱን ሲሰጥም እናንተም በግብፅ እንግዶች ነበራችሁና ነው የሚለው። እዚች ምክንያት ላይ ትንሽ ብንቆም ደስ ይለኛል። ስለሚያሳዝኑ አላለም፣ እናንተ ደጎች ስለሆናችሁም አላለም፣ ነገሩን ደርሶባችሁ ታውቁታላችሁ ነው ያለው። እና ግብፅ ላይ እስራኤል ምን ነበር የጎደላቸው? ምግብ እንዳትሉኝ፣ በረሃ ከወጡ በኋላ የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት ናፍቀው አልቅሰዋል እኮ። መጀመሪያ ሲገቡም በክብር ነው የገቡት፣ ለም መሬት ተሰጥቷቸው። የጎደላቸው በገዛ ኑሯቸው ላይ አፍ መክፈት ነው፣ የሚወስንላቸው ሁሌ ሌላ ሰው ነበር። በልቶ መሽቶበት ማደር እና ባለቤት መሆን የተለያየ ነገር ነው ለማለት ነው።

አሁን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ተረጋግታችሁ አንብቡት። ቤተክርስቲያን ገና ጨቅላ ናት፣ ሰው ንብረቱን እየሸጠ ለተቸገረው ያካፍላል፣ በየቤቱ አብሮ ይቆርሳል፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ስንል ድንገት ማጉረምረም ተነሳ ይለናል። ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ "በየቀኑ በሚታደለው ነገር መበለቶቻችን ተረሱብን" አሉ። ልብ በሉ፣ አንድ ክፉ ሰው ተነስቶ "ለነሱ አትስጡ" አለ የሚል ነገር የለም። ተረሱ ነው። አዳዩ አያውቃቸውም፣ ቋንቋቸው ይለያል፣ ሰልፉ ላይ ወደ ኋላ ሳይቀሩ አይቀርም፣ ሊስት ቢኖር ሊስቱ ላይ ስማቸው የለም። ዛሬም እኮ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ ነው፣ ማንም ሳይጠላው።

ሐዋርያቱ ታዲያ ምን አደረጉ? "እናንተ ገና አዲሶች ናችሁ፣ ትንሽ ታገሱ" አላሉም። "ወንድሞች፣ አንድነታችንን አትረብሹ" ብለውም አልገሰጹም (እኛ ብንሆን የሚቀናን ይሄኛው ነበር)። ሰባት ሰው ምረጡ አሉ፣ ተመረጠ። ስማቸውን እዩት እስቲ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። በዛን ዘመን የገሊላ ሰውም የግሪክ ስም ይኖረው እንደነበር አውቃለሁ፣ እንድርያስን ማየት ይበቃል፣ ግን ሰባቱም አንድ ላይ ሲሆኑ መቼም ነገር አለው። ኒቆላዎስ ደሞ ጭራሽ አይሁዳዊ ሆኖ አልተወለደም፣ የአንጾኪያ ሰው ሆኖ ወደ ይሁዲነት የገባ ነው። እንግዲህ ተበደልን ላሉት ሰዎች ተጨማሪ ራሽን ተሰጣቸው አይደለም የሚለው፣ ዕደላውን ራሱን ነው ያስረከቧቸው፣ የነባሮቹ መበለቶች ምግብ ጭምር በእነሱ እጅ ገባ። ይሄን ሳነብ ሁሌ የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። ለቅሬታ አቅራቢ ቁልፍ የሚሰጥ ኮሚቴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በማውቀው አንድ ጉባኤ የሆነ ነው፣ ስሙ ይቅር። ከሌላ አገር ተሰዶ የመጣ ሰውዬ ነበር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። ቋንቋ ገና ነው፣ ግን ሳይቀር ይመጣል። ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ ይጨብጡታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ለልጆቹ ልብስ ያመጣሉ። ሥራም ሰጡት፣ ከፕሮግራም በኋላ ወንበር መደርደር። እሱም አራት አራቱን አንድ ላይ አንስቶ ግድግዳው ጋ ያስጠጋል፣ ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና "ጌታ ይባርካችሁ" ብሎ ይሄዳል፣ ከቋንቋው አጥርቶ የሚያውቃት አረፍተ ነገር እሷ ነበረች። በዛው ሰሞን ጉባኤው ገንዘብ ያዥ አጥቶ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሆኗል፣ በየሳምንቱ መድረክ ላይ "ሒሳብ የሚችል ካለ እባካችሁ" ይባላል፣ ደረሰኙ ካርቶን ሞልቶ ቢሮ ጥግ ተቀምጧል። ልጆች መቼም ቋንቋ ቶሎ ይይዛሉ፣ አንዷ ልጁ ማስታወቂያውን ሰምታ አጠገቧ ለተቀመጡት እናት ምን አለቻቸው፣ "አባቴ እኮ ሒሳብ ሹም ነው፣ አገራችን እያለን የቤተክርስቲያናችንን ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነበር።"

ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አልጠየቀውም። ስሙን ጠይቀውታል፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀውታል፣ በየት በኩል እንደመጣና ምን እንዳየ እያስተከዙ አስተርከውታል፣ ምን ትችላለህ ያለው ግን የለም። ከዛ በኋላስ ወዲያው ገንዘብ ያዥ ሆነ ብትሉኝ አልሆነም፣ "ገንዘብ እንዴት ለማናውቀው ሰው?" ያለ ነበር፣ ረጅም ስብሰባ ነበር፣ በመጨረሻ ረዳት ተብሎ ካርቶኑን ተቀበለ። የሚያናድደኝ ይሄ "ለማናውቀው ሰው" የሚሉት ነገር ነው። ካላወቅነው ጥፋቱ የማን ነው፣ የወንበሩ ነው?

ለነገሩ የኛ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ሒሳብ ለመጻተኛ ከመስጠት ነው። ፍሬምናጦስ፣ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፣ ከጢሮስ የመጣ ልጅ ነበር። መርከባቸው ላይ የነበሩት ተገድለው እሱና ኤዴስዮስ ብቻ ተርፈው ነው ለአክሱም ንጉሥ የተሰጡት፣ ያው ምርኮኛ በሉት። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ እንደሚለው ንጉሡ ፍሬምናጦስን የሒሳቡና የመዝገቡ ኃላፊ አደረገው። ከዛ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ሄዶ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው። ንጉሡ ያኔ ክርስቲያን እንኳን አልነበረም፣ ግን ልጁ ምን እንደሚችል አይቶ አመነው። የሐዋርያት ሥራ 28 ላይም ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮበት መላጥያ ደሴት ሲወጣ "አረማውያንም የሚያስገርም ቸርነት አደረጉልን" ይላል ሉቃስ፣ በዝናቡና በብርዱ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ወንጌል ራሱ ክርስቲያን ባልሆኑ ሰዎች ደግነት እየተደገፈ ነው እኛ ጋ የደረሰው እና በዚህ ጉዳይ ላይ ክርስቲያን ሆኖ መኩራራት ብዙም አያስኬድም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፣ "እነሱን ስናስገባ የኛ ባህል ይጠፋል፣ ሥርዓቱ ይበላሻል"። ፍርሃቱን አልንቀውም፣ የኖሩበት ዜማ፣ የለመዱት አካሄድ፣ እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም፣ ሰው እግዚአብሔርን ያወቀው በነሱ ውስጥ ነው። ግን ይሄ ጥያቄ ተነስቶ መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ኢየሩሳሌም ተሰብስበው የተከራከሩት በሱ ነው፣ አሕዛብ፣ ማለትም አይሁድ ያልሆኑት፣ ክርስቲያን ለመሆን መጀመሪያ ተገርዘው አይሁድ መሆን አለባቸው ወይ? መገረዝ እኮ የአንድ ብሔር ልማድ ብቻ አልነበረም፣ ለአብርሃም በእግዚአብሔር ቃል የተሰጠ ነው፣ ማለትም የዛኞቹ ክርክር ከኛ "ሥርዓታችን" በጣም የጠነከረ መሠረት ነበረው። ሆኖም ሸክም አንጫንባቸው ተባለ። ለጣዖት ከተሠዋው፣ ከደም፣ ከታነቀውና ከዝሙት ይራቁ ብለው ደብዳቤ ጻፉላቸው፣ በቃ። ሁሉም ነገር ይሂድ አላሉም፣ እኛን ምሰሉም አላሉም። እዛ ስብሰባ ላይ ሰዎቹ በሌላው መንገድ ወስነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔና እናንተ ስለዚህ ነገር በአማርኛ አንጻጻፍም ነበር።

ደሞ አንዴ ተወስኗል ማለት አልቆለታል ማለት አይደለም። ጴጥሮስን ተመልከቱ። ርኩስ የሚለውን እንስሳ ብላ የተባለበትን ያን የጨርቅ ራእይ አይቶ፣ ከአሕዛብ ወገን የሆነው ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ፣ መንፈስ ቅዱስ በአሕዛብ ላይ ሲወርድ በዓይኑ አይቶ፣ ለዚህም ጉዳይ ኢየሩሳሌም ላይ ተከራክሮ የረታ ሰው ነው። አንጾኪያ ላይ ግን ከያዕቆብ ዘንድ የአይሁድ ወገን የሆኑ ሰዎች ሲመጡ ከአሕዛብ ጋር ከሚበላበት ማዕድ ተነስቶ ሄደ፣ ገላትያ 2 ላይ አለ። በርናባስ እንኳን ተከተለው። ጳውሎስ ፊት ለፊት ነው የተቃወመው፣ በሰው ሁሉ ፊት። እስቲ አስቡት፣ ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም፣ ቢጠየቅ "ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን" ይላል፣ የቀየረው የሚቀመጥበትን ቦታ ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን ይቺን የወንበር ነገር ከወንጌል እውነት ጋር አይሄድም አለ። እኛ ደሞ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ ስንጠጣ ቆም ብለን ብናየው፣ ክቡ ሁሉ የየራሱ ቋንቋና የየራሱ ሰፈር ነው፣ አዲሶቹ ጫማቸውን እያዩ ቆመዋል፣ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1960 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ቀርቦ እሁድ ጠዋት አምስት ሰዓት በአሜሪካ ሰው በዘር ከሚለያይባቸው ሰዓቶች ሁሉ የባሰው መሆኑ ያሳፍራል ብሎ ነበር። እሱ ስለ ጥቁርና ነጭ ነው የተናገረው፣ ግን የትም አገር ያለ ሰው ሲሰማው የራሱን አዳራሽ ነው የሚያስበው። በዓመት አንዴ "የባህል ቀን" አዘጋጅቶ አዲሶቹን በባህል ልብስ መድረክ ላይ አውጥቶ በቋንቋቸው አንድ መዝሙር ማስዘመር፣ ፎቶ ማንሳት፣ ፖስት ማድረግ፣ እና የቀረውን ዓመት ከኋላ ወንበር... እኔ ክፋት አለው አልልም፣ ግን ለሰዎቹ ምን እንደሚመስል ጠይቀን እናውቃለን? ኤግዚቢሽን መሆን ይደክማል።

ሌላው ብዙ የማናየው ነገር፣ ጌታ ራሱ ብዙውን ጊዜ እንግዳ እንጂ አስተናጋጅ አልነበረም። ሳምራዊቷን ሴት ውኃ አጠጪኝ ብሎ ነው የጀመረው፣ ዘኬዎስን ዛሬ ቤትህ ልውል ይገባኛል አለው። ደቀ መዛሙርቱንም ሲልካቸው ምግብ ይዛችሁ ሂዱና አብሉ አላለም፣ ያለ ኮረጆ ልኮ ያቀረቡላችሁን ብሉ ነው ያላቸው፣ ሉቃስ 10። ኤማሁስ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች እንግዳ ነው ብለው እባክህ መሽቷል እደር ብለው ለምነው አስገቡት፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን እንጀራውን አንስቶ የባረከው፣ ቆርሶም የሰጣቸው እሱ ነው። በሰው ቤት! ዓይናቸው የተከፈተውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሁሌ እኛ ሰጪ፣ ሁሌ እነሱ ተቀባይ የሆኑበት አቀባበል ትንሽ ትዕቢት አለበት ብዬ አስባለሁ። መጻተኛው ቤቱ ሲጠራን ሄደን፣ የማናውቀውን ምግብ በልተን፣ የማይገባንን ጨዋታ እየሰማን መቀመጥ፣ ቋንቋ የማናውቀው እኛ ስንሆን ያለውን ስሜት መቅመስ፣ ይሄም መቀበል ነው፣ እንዲያውም ለብዙዎቻችን ከመስጠት ይከብዳል።

ስለ ልዩነታችንም እንነጋገር ካላችሁ፣ ሁሉንም የውጭ ሰው እኩል አንቀበልም፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ከሀብታም አገር ፓስፖርት ይዞ የመጣ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ማይክ ይሰጠዋል፣ አስተርጓሚ ይሮጥለታል፣ ምሳ የሚጋብዘው ይሻማል። ድንበር በእግሩ አቋርጦ የመጣው ግን ወንበር ይደረድራል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 53 ላይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሉት ካለ በኋላ ለድሆችና ለመንገደኞች ግን ይበልጥ ተጠንቀቁላቸው ይላል፣ ክርስቶስን ይበልጥ የምትቀበሉት በነሱ ነውና፣ ሀብታሙንማ መፈራቱ ብቻውን ያስከብረዋል ብሎ። ምንኛ ሰው የሚያውቅ ሽማግሌ ነው! ያዕቆብም ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ስላደረገውና እድፍ ልብስ ስለለበሰው የጻፈው ይሄንኑ ነው።

"መጀመሪያ የራሳችንን ችግረኛ" ለሚሉት ደሞ የጠላትን ምስክርነት ልጥቀስላቸው። ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ፣ ክርስትናን ትቶ የሮምን አማልክት ሊመልስ የተነሳው፣ በ362 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ ይነጫነጫል። እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖቹን ነው እንዲህ የሚላቸው) ለእንግዳ በሚያደርጉት ቸርነት ነው እምነታቸው የተስፋፋው፣ የራሳቸውን ድሆች አልፈው የኛንም ይረዳሉ፣ እኛም በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንሥራ ይላል። የራሳችን እና የሌላው የሚለው ምርጫ ያኔ ለክርስቲያኖቹ ምርጫ አልነበረም ማለት ነው፣ ሁለቱንም አደረጉት። በዓለም ላይ በግፍና በጦርነት የተፈናቀለው ሰው በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ123 ሚሊዮን በላይ ነበር ይላል የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ አብዛኛውን ያስጠለሉትም ሀብታም አገሮች አይደሉም።

ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ሻምቦን የምትባል ተራራማ መንደር አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓስተር አንድሬ ትሮክሜና ምእመናኑ ከናዚ የሚሸሹ አይሁዶችን በየቤታቸው፣ በየእርሻቸው፣ በየትምህርት ቤቱ ደበቁ፣ ከተያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ። እስራኤል ያለው ያድ ቫሼም በ1990 እ.ኤ.አ. ለመንደሯና ለአካባቢው ሕዝብ እውቅና ሰጥቷል። የነዚህ ሰዎች አያት ቅድመ አያቶች ሁጉኖዎች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ በ1685 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የእምነት ነፃነታቸውን ከሻረ በኋላ እየተሳደዱ፣ ተደብቀው እያመለኩ የኖሩ። መንደሩ ያንን አልረሳም ነበር። በግብፅ እንግዶች ነበራችሁና የሚለው እንዲህ ሲሠራ ነው ማየት ያለብን፣ መከራን አስታውሶ ከማልቀስ አልፎ በር ሲከፍት።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ መጻተኞች የምንጽፈው ሁሌ እኛ ነን፣ ይሄንንም ጨምሮ። በሚቀጥለው ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ ስትመለሱ ዓምዱን ለነሱ ስጡት። ቋንቋ ካልቻሉ ይተርጎም፣ ስም መጥቀስ ከፈሩ ሳይጠቀስ ይውጣ፣ ብቻ ስደታቸውን ተርኩ አትበሏቸው፣ ያንን ደጋግመን ሰምተናል። ስለኛ ይጻፉ። ቤተክርስቲያናችን ስትገቡ ምን አያችሁ፣ ምን ይጎድለናል፣ ቢሰጣችሁ ምን ትሠሩ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው፣ የሚመጣውንም መልስ ሳታለሳልሱ አትሙት፣ ቅር የሚለን ካለ ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ